የአባት ዕዳ በተተወ ሰፈር

ሰው በገዛ እጁ ላልፈጸመው ጥፋት ኃላፊነት አለበትን? ጥያቄው በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ሲነሣ ቀላል ይመስላል፤ «ያጠፋ ይጠየቅ» ብሎ መልሶ ማለፍ ይቻላል። እኛም ተማሪዎች ሳለን በፈተና ወረቀት ላይ ይህንኑ ጽፈን አልፈናል። ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከሰው መኖሪያ በራቀ ሐይቅ ዳር፣ ይኸው ጥያቄ በዛገ ጣሳ ተመስሎ ፊታችን ቀረበና መልስ አሳጣን።

ቦታው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት ሰሜናዊ ምሥራቅ፣ በካናዳ ወሰን ላይ የሚገኘው «ባውንደሪ ዋተርስ» የተባለው የተጠበቀ ዱር ነው። ስፋቱ ከ4,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በውስጡም ከ1,000 በላይ ሐይቆች አሉ። መንገደኛ በታንኳ እየቀዘፈ ይጓዛል፤ ሐይቁ ሲያልቅ ታንኳውን በትከሻው፣ ጓዙን በጀርባው ተሸክሞ በጫካው ውስጥ በቀጭን መንገድ ወደሚቀጥለው ሐይቅ ይሻገራል። እነዚህን መሻገሪያዎች የኦጂብዌ ሕዝብና ከእነርሱም በፊት የነበሩ የአገሩ ተወላጆች ሲመላለሱባቸው ኖረዋል። ከዚያም በአውሬ ቆዳ ንግድ ዘመን ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ቀዛፊዎች፣ አንዱ 40 ኪሎ ያህል የሚመዝን እሽግ ሁለት ሁለቱን በአንድ ጊዜ እየተሸከሙ አልፈውባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የአገሪቱ ሕግ እንዲህ ያለውን ዱር ሰው እንግዳ ሆኖ የሚያልፍበት እንጂ የማይኖርበት ስፍራ አድርጎ ይገልጸዋል። ለብዙ ትውልድ የኖሩበት ሰዎች ግን ነበሩ፤ ዐሻራቸው ቀላል ስለ ነበረ ባዶ መስሎ ታየን እንጂ።

በዚያ አገር በጋ በሆነው በሐምሌ ወር፣ እኛ ሁለት ካህናት ከአስተናጋጃችንና ከልጅ ልጃቸው ጋር በሁለት ታንኳ ገባን። አስተናጋጃችን ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ፣ ውኃውን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ልጁ 17 ዓመቱ ነበር። ለመንገደኞች ማደሪያ የተፈቀዱና በካርታ የተመለከቱ ከ2,000 በላይ ቦታዎች አሉ። በአራተኛው ቀን ነፋስ አስገድዶን የወረድንበት ዳርቻ ግን ከእነርሱ አንዱ አልነበረም። ነፋሱ እስኪበርድ ወደ ውስጥ ጥቂት ገባ ብንል፣ ክብ ተደርድረው ሽበት ያወጡ ድንጋዮች አገኘን፤ የቀድሞ ምድጃ ነበር። እሳት ይነድድበት ከነበረው መካከል አንድ ዛፍ በቅሎ ከቁመታችን በላይ ሆኗል። በቋንቋችን «ሰፈር» የሚለው ቃል ዛሬ መንደርን ቢያመለክትም፣ የሠራዊትና የመንገደኛ ማረፊያም ማለት ነው፤ ይህም ሰዎቹ የሄዱበት ሰፈር ነበር። አንድ ሰው እዚህ ተቀምጦ እጁን አሙቋል፤ ከጓደኛው ጋር ተጫውቷል፤ በማግሥቱም ሄዷል። ዝም ብለን ቆምን።

ልጁ ግን ወደ ኋላ ዘለቀ። ነፋስ የጣለው ትልቅ ጥድ ሥሩ ከአፈር ጋር ተነቅሎ ቆሞ ነበር፤ ከሥሩም ጋር በምድር ውስጥ የተቀበረው ሁሉ ወጥቷል፤ የተጨፈለቁ የቢራ ጣሳዎች፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ የተቀዳደደ ፕላስቲክ። ልጁ ምንም ሳይናገር ከረጢት አውጥቶ መልቀም ጀመረ። ከፊታችን ገና ሦስት መሻገሪያዎች ነበሩ፤ ትከሻችንም ቆስሏል። ስለዚህ «ይህ እኮ የእኛ አይደለም» አልነው።

«እኔም አልጣልኩትም፣ አባ» አለ ቀና ሳይል። «ያገኘሁት ግን እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ከጣሳዎቹ አንዱን አንሥተው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «በዚህ ልጅ ዕድሜ ሳለሁ» አሉ፣ «ጣሳውን አቃጥሉ፣ ጨፍልቁ፣ ቅበሩ ተብለን ነው የተማርነው። ሥርዓት ያለው መንገደኛ የሚባለው እንዲያ ያደረገው ነበር። ምናልባት ከእነዚህ አንዱን የቀበርኩት እኔ ልሆን እችላለሁ።»

ይህ ንግግር ነገሩን አከበደብን። እኛ በልባችን የፈረድንበት ያ ያልታወቀ ሰው፣ ባለጌ ሳይሆን በዘመኑ ልክ ነው የተባለውን የፈጸመ ሰው ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ዛሬ እኛ ያለ አንዳች የኅሊና ወቀሳ የምንቀብረው፣ ነገ ነፋስ የሚያወጣው ምን ይሆን?

ልጁ ወደ ጥጉ ሲደርስ ዝገት የበላው የመጥረቢያ ራስና በቅርጻቸው እጅግ ያረጁ ጥቂት ጣሳዎች አገኘ። እነርሱንም ሊያነሣ ሲል አያቱ እጁን ያዙት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ጥድ ቆራጮች በዚያ አገር ይሠሩ ነበርና፣ የእነርሱ ሊሆን እንደሚችል ገመቱ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ሕግ በመንግሥት መሬት ላይ የሚገኙና ቢያንስ 100 ዓመት የሞላቸው የታሪክ ቅርሶች ያለ ፈቃድ እንዳይነሡ ይከለክላል። ስለዚህ መጥረቢያውና አሮጌዎቹ ጣሳዎች በነበሩበት ቀሩ፤ የኋለኞቹ ጣሳዎች ከረጢት ገቡ። «ታዲያ ዘመን ቆሻሻን ያከብራልን?» ብለን ጠየቅን። ነገሩን ስናሰላስለው ግን ሕጉ የጣዩን ሥራ መልካም ነው እንዳላለ ተገነዘብን። ሕጉ የጠበቀው ምስክሩን ነው። ምስክርን ማቆየት አንድ ነገር፣ ጥፋትን መልካም ብሎ መጥራት ሌላ ነገር ነው።

አባቶቻችን «የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ» ይላሉ። ተረቱን ብዙ ጊዜ እንደ ምሬት እንሰማዋለን፤ ሌላው በልቶ ሌላው ይከፍላል እንደ ማለት። ሁለተኛውን ሐረግ ግን ልብ እንበል። እጅ አፍንጫን የሚጠርገው ስላቆሸሸው አይደለም፤ የአንድ አካል ብልት ስለ ሆነና ሊደርስበት ስለሚችል ነው። እጅን «አንተ አጥፍተሃል» የሚለው የለም፤ «አይመለከተኝም» ቢል ግን አካሉ ሁሉ ያፍራል። እንግዲህ በደለኛ መሆንና ባለ ዕዳ መሆን የተለያዩ ናቸው። በደሉ የሠራው ሰው ነው፤ ሸክሙ ግን ያገኘውና ማንሣት የሚችለው ሰው ነው።

ይህን ሁሉ በዚያች ሰዓት አልተረዳነውም። ከረጢቱን ልጁ ራሱ በሦስቱም መሻገሪያዎች ተሸከመው፤ እኛም አላገዝነውም። የመጨረሻዋ ሌሊት ግን አስተማረችን። ከቀትር ጀምሮ ዝናም ወረደ፤ ማደሪያችን ስንደርስ እስከ ቆዳችን ርሰን፣ እጃችን ክብሪት መጫር አቅቶት ነበር። ልጁ ወደ ምድጃው ሄዶ ከጎኑ ካለው ከተንጠለጠለ ዐለት ሥር አጎንብሶ ተመለከተ፤ ደረቅ ፍልጥ በሥርዓት ተደርድሮ፣ ማቀጣጠያ ቅርፊትም ላዩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከእኛ በፊት ያደረው ሰው፣ ለማያውቀው መንገደኛ ትቶት የሄደ ነው። እሳቱ ሲነድድ በዙሪያው ተኮለኮልን።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ወጋን። ማገዶውን ስናነድድ «ይህ እኮ የእኛ አይደለም» ያለ ከመካከላችን አልነበረም።

በየሰበካችንም እንዲሁ አይደለምን? ስማቸውን የማናውቃቸው ሰዎች በተከሏቸው ዛፎች ሥር እናርፋለን፤ ባጎለበቷቸው ምንጮች እንጠጣለን፤ ይህን ሁሉ እንደ መብታችን እንቀበላለን። እነዚያው ሰዎች የተዉልንን ቂም፣ በሁለት ቤተ ሰብ መካከል የቆየውን ኩርፊያ፣ የተራቆተውን ተዳፋት ስናይ ግን «እኛ አልነበርንም» እንላለን። ርስቱን ተቀብሎ ዕዳውን መካድ አይቻልም። ሁሉንም ጠራርገን እንጣል ማለትም አይደለም፤ እንደዚያ መጥረቢያ በቦታው ቆይቶ ለልጆች የሚነገር አለ፤ እንደ ተሰበረው ጠርሙስ ሌላ እግር ሳይቈርጥ መነሣት ያለበት አለ። ይህን መለየት የጋራ ምክክር ይፈልጋል። ትምህርት የምትሰጡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ልጆቹን ከማታውቁት ሰው ምን መልካም ነገር ተቀበላችሁ ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሳቸውን ከሰማችሁ በኋላም ከዚያው ከማታውቁት ሰው የተረፈ፣ እጃችሁ ሊያነሣው የሚችል ምን አለ በሏቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ዝናሙ አባርቶ ነበር። ከመነሣታችን በፊት ከወደቁ ዛፎች ደረቁን መርጠን ፈለጥንና ከዐለቱ ሥር ደረደርን፤ ካገኘነው ጥቂት አስበለጥነው። ከዚያ በኋላ ወደ ልጁ ሄደን ከረጢቱን ተቀበልነው። አንድ መሻገሪያ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ክብደቱም እንደ ፈራነው አልሆነም።