መልአኩ ኤልያስን አልሰደበውም

ውድ እኅቶች፣ በዱባይም በሻርጃም በአጅማንም ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ብርጭቆ ከእጃችሁ ወድቆ ሲሰበር ለራሳችሁ መጀመሪያ የምትሉት ምንድን ነው? "እኔ ደንቆሮ!" "ድሮም ለኔ ምን ይሆንልኛል!" አይደለም? ማዳም ገና ሳትሰማ እኛው ራሳችንን ሰድበን ጨርሰናል። አንዳንዷማ ራሷን የምትሰድበው በዐረብኛ ነው። ከማን እንደተማረችው እንግዲህ አስቡት።

ብር የላክን ቀንም ያው ነው። "እገሌ በሁለት ዓመት ቤት ሠራች፣ እኔ ግን..." እያልን እንቅልፍ እናጣለን። ጓደኛችን ደውላ ይህንኑ ብትነግረን ግን "አይዞሽ፣ ያቅምሽን አድርገሻል" ነው የምንላት። ጌታ ባልንጀራችንን እንደ ራሳችን እንድንወድ ሲያዘን፣ ራሷን የምትጠላ ሴት በምን ልትለካ ነው?

1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ን አውጥታችሁ አንብቡ። ኤልያስ በቀርሜሎስ ያን ሁሉ ሠርቶ፣ ኤልዛቤል ስትዝትበት ሸሸ። በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ከአባቶቼ አልሻልም አለ፤ ነፍሴን ውሰዳት ብሎም ለመነ። ያ ታላቅ ነቢይ! ታዲያ መልአኩ ምን አደረገ? አልተቆጣውም፣ እምነትህ የት ሄደ አላለውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ ዳግመኛ አበላው፤ መንገዱ እንደሚበዛበት ያውቅ ነበርና። በዚያ ምግብ ኃይል እስከ ኮሬብ 40 ቀንና 40 ሌሊት ሄደ። እግዚአብሔር ያነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። ብቻዬን ቀረሁ ላለውም 7 ሺህ ሰው እንዳለ ነገረው።

ስለዚህ እኅቶቼ፣ መተኛት ስንፍና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የዚህ አገር የቤት ሠራተኞች ሕግና ደንቡ እንኳ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ሳይቋረጥ፣ በሳምንትም አንድ ቀን ይላል። በስንቱ ቤት እንደሚፈጸም እናንተው ታውቃላችሁ። ቢሆንም ባገኛችሁት ሰዓት ጋደም ስትሉ ሕሊናችሁ አይውቀሳችሁ።

"ይሄ ትዕቢት አይሆንም ወይ?" የምትሉ አላችሁ። ራስን መስደብ ትሕትና ነው ብሎ ያስተማረን ሰው፣ በኔ አስተያየት፣ ተሳስቷል። ጥፋትን በስሙ እንጥራው። "ሩዙን አሳረርኩት" እውነት ነው። "እኔ የማልረባ ነኝ" ግን እግዚአብሔር ያላለው ነው። ደግሞም ሰው እጁን ሲያነሣብሽ "እኔ ነኝ ያስቆጣሁት" አትበዪ። እሱ የመታሽ ሰው ኃጢአት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤልያስ ሞትን የለመነው ሎሌውን በቤርሳቤህ ትቶ ብቻውን ከሄደ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚመላለስባት እኅት ካለች ብቻዋን አትያዘው። ላንዳችን ትደውል፤ ስልኳ ከተያዘባት ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ ለጎረቤት ቤት ልጅ ትንገር። ነፍሷ የሚያሰጋ ከሆነ የፖሊስ ቁጥር 999 ነው። ስልኩን የምታነሺው እኅት ደግሞ፣ መጀመሪያ "በልተሻል ወይ? ተኝተሻል ወይ?" ብለሽ ጠይቂያት። ስብከቱ ይቆይ።