የማይበረክት ዕቃና የሻጩ ኅሊና

በዘመናችን በየገበያው ከሚሰማው ምሬት አንዱ የዕቃ አለመበርከት ነው። ጃንጥላው በመጀመሪያው ነፋስ ይገለበጣል፤ የባልዲው እጀታ በተገዛ በሳምንቱ ይነቀላል፤ የተማሪው ጫማ የትምህርት ዘመኑ ሳይጋመስ ሶሉ ይከፈታል። «የዛሬ ዕቃ!» ብለን እናልፈዋለን። ነገር ግን በጉዳዩ ውስጥ የፍትሕ ጥያቄ ስላለበት በዝምታ ልናልፈው አይገባንም።

በቅድሚያ ያለፈውን ዘመን ያለ ልክ ከማወደስ እንጠንቀቅ። እንስራም ይሰበር፣ የቃጫ ገመድም ይበጠስ ነበር። ሆኖም እንስራ ተሰባሪ መሆኑን ገዢዋ ታውቃለች፤ አንኳኩታና ድምፁን አዳምጣ ትገዛዋለች፤ ሠሪውንም በሚቀጥለው ገበያ ታገኘዋለች። እንግዲህ ተሰባሪነት በራሱ ውሸት አይደለም። ጥፋቱ የሚጀምረው ዕቃው ያልሆነውን መስሎ ሲቀርብ ነው።

ይህ ጥፋት በእኛ ዘንድ ብቻ የተገኘ አይደለም። በ1924 እ.ኤ.አ. ታላላቅ የአምፖል አምራቾች በጄኔቫ «ፌቡስ» የተባለ ማኅበር አቋቁመው የአምፖል ዕድሜ በ1,000 ሰዓት እንዲወሰን ተስማሙ፤ ከዚያ አብልጦ የሚያበራ አምፖል የሠራውንም አባል በገንዘብ ይቀጡ ነበር። የባለሙያ ዕውቀት ዕቃን ለማበርታት ሳይሆን ቶሎ ለመግደል ዋለ ማለት ነው።

የእኛ ነጋዴ ግን ዕቃውን አልሠራውም። ከመርካቶ አምጥቶ በእምድብር ወይም በወልቂጤ የሚሸጥ ልጃችን «ፋብሪካው የእኔ አይደለም፤ ገዢውም የሚፈልገው ርካሽ ነው» ቢለን መልሱ ከንቱ አይደለም። ድኻው በአቅሙ ሊገዛው የሚችለውን ማቅረብ አገልግሎት ነውና። ቅዱስ ቶማስ ዘአኵይኖ በ13ኛው መቶ ዓመት ይህንኑ ሲመረምር፣ አንድ ዓይና ፈረስ የሚሸጥ ሰው ጉድለቱ ለገዢው የሚታይ ከሆነና ዋጋውን በልኩ ከቀነሰ ጉድለቱን የመናገር ግዴታ እንደሌለበት፣ የተሰወረውንና ገዢውን የሚጎዳውን ግን መግለጥ እንዳለበት አስተምሯል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሻጩ ስለሚሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስትና እንዲሰጥ ያዛል።

ስለዚህ በርካሽ መሸጥ ኃጢአት አይደለም። ሦስት ወር የማይቆየውን ጫማ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ መሸጥ፣ ወይም እያወቁ ዝም ማለት ግን ስርቆት ነው። «አላውቅም ነበር» የሚልም ቢኖር ለመስቀል ወደ አገሩ ሲገባ ለእናቱ ከመደርደሪያው የትኛውን እንደሚመርጥ ራሱን ይጠይቅ። የሚበረክተውን ለይቶ ማወቁን ምርጫው ይመሰክርበታል።

በዚህ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ድኻው ነው። በምሳሌ እናስላው፦ በ400 ብር የተገዛ ጫማ በየሦስት ወሩ ቢቀየር በሁለት ዓመት 3,200 ብር ያስወጣል። በ1,600 ብር የተገዛው ሁለት ዓመት ቢያገለግል፣ ድኻው ያን ያህል ገንዘብ በአንድ ጊዜ ስለማያገኝ ብቻ ከባለጸጋው እጥፍ ይከፍላል ማለት ነው። ነቢዩ አሞጽ የስንዴውን ግርድ ለድኻ የሚሸጡትን የገሠጸው በከንቱ አልነበረም።

ምን እናድርግ? እንሰት ተካይ ሕዝብ መታገሥን አልተማረም ሊባል አይችልም፤ ተክሉን ከስፍራ ወደ ስፍራ እያዛወረ ለዓመታት ይጠብቀዋል፤ ቆጮውንም በጉድጓድ ያቆየዋል። እናቶች ለመስቀል ቅቤ፣ አባቶች ለሰንጋ አስቀድመው ያጠራቅማሉ። ለበዓል የሚሆነው እቁብ ለጫማ፣ ለብርድ ልብስና ለምጣድስ ስለምን አይሆንም? ጫማ ሰፊውንና ጠጋኙንም ማክበር ይገባናል፤ የዕቃን ዕድሜ የሚያራዝም ሰው የድኻውን ገንዘብ ይጠብቃልና።

እናንተም መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ፣ ስለ ሰባተኛው ትእዛዝ ስታስተምሩ በሌሊት ቤት የሚሰብረውን ሌባ ብቻ አትጥቀሱ፤ በቀን ብርሃን በሱቅ መስኮት ላይ ስለሚደረገውም ተናገሩ። ከሚሰሟችሁ መካከል ነገ ሱቅ የሚከፍቱ ብዙዎች ናቸው።