ትልቁን መዋጮ ያዋጣው ማን ነው?

ስለ ልማት በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚጠየቀው «ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኛ ግን ከእሱ ጀርባ የቀረ ሌላ ጥያቄ እናንሣ፦ ለአንድ የቱሪስት መዝናኛ ትልቁን መዋጮ የሚያዋጣው ማን ነው?

በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ «ገበታ ለሀገር» ይፋ ሆኖ ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን ለማልማት የአንድ ሰው እራት በ5 እና በ10 ሚሊዮን ብር ቀረበ። ብሩ ተቆጠረ፤ ሰጪው ተመሰገነ። የሰጠ ይመስገን፣ አንቃወምም። ዳሩ ግን ባለሀብቱ የሰጠው ከትርፉ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በሚሠራበት አገር ሁሉ እርሻውንና ግጦሹን የሚለቅ ገበሬስ ከምኑ ሰጠ? የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም ያልሰማ ከመካከላችን የለም። ያ ሚዛን እውነት ከሆነ ትልቁ ሰጪ ከእራቱ ገበታ ላይ አልነበረም ማለት ነው።

ስሜንን እንመልከት። ብሔራዊ ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2008 ዓ.ም. ገደማ ከግጭ መንደር ከ2,000 በላይ ሰዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከመዝገቡ ተሰረዘ። ለዋልያው እሰየው! ታዲያ የግጭን ሰው «ካሳ ተቀባይ» ከምንለው ይልቅ «የፓርኩ ባለድርሻ» ብንለው ምን ይጎድልብናል?

«ሕዝብ እየጠየቁ ልማት የለም፤ ደሀ አገር ጊዜ የላትም» የሚሉ ወዳጆች አሉን። ለእነሱ መልሱ ከይፋት በላይ፣ ከመንዝ ጫፍ ላይ አለ። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የሣር ምድር ነው። የመንዝ ሰው ቄሮ በሚባል የቆየ ሥርዓት (ከኋለኛው የፖለቲካ ስም ጋር አይምታታብን) አለቃ እየመረጠ፣ ሣሩን ለዓመታት እየዘጋ፣ በወቅቱ እየከፈተ ለዘመናት ጠበቀው። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ገበሬው ኋላ በኮሚቴ መልሶ አቋቋመው። የእንግዳ ማረፊያውም የተሠራው በውጭ ድርጅት እርዳታ ሲሆን ባለቤቱ ግን ማኅበረሰቡ ነው። ገንዘብ ከውጭ መጣ፤ ቃሉ ግን ከባለ ሣሩ እጅ አልወጣም። በበረዶ ሸርተቴዋ በታወቀችው በስዊዘርላንዷ ዜርማትም የነባር ነዋሪዎች ማኅበር የሆቴሎች ባለቤት ነው። ነገሩ እንግዳ አይደለም ለማለት ያህል ነው።

አሁን ወደ ቆላው እንውረድ። ሸዋ ሮቢት በ1,300 ሜትር ገደማ ከተራራው ግርጌ ተቀምጣለች። ሽንኩርቷና ማሾዋ ይታወቃል፤ በአካባቢዋ የይፋት ሱልጣኔት ከተሞች ፍርስራሽ አለ። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነት የገባባት ከተማ ናት። ነገ አንድ ባለገንዘብ «ከግርጌው ሎጅ ልሥራ፣ ፍርስራሹን ላስጎብኝ» ቢል ደስ ይለናል። የሥራ ዕድል ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ዘበኝነትና አልጋ ማንጠፍ ድርሻ አይባልም፤ ደመወዝ ነው። መስኖው ወደ መዋኛ ቢዞር የሽንኩርት ማሳው ባለቤት ከባንኩ ያልተናነሰ ካፒታል አስገብቷል። እንግዲያው ስሙ ከውሉ ላይ ይግባ፤ ከትርፉ ይካፈል፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ «እምቢ» ማለት ይቻለው። እምቢ ማለት የማይችል ሰው «እሺ» ቢል ሰጠ አይባልም፤ ተወሰደበት እንጂ።

ከእኛ መካከል ነገ ዕቅድ የሚያወጣ፣ ውል የሚያረቅቅ፣ ከቀበሌ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ አይጠፋም። የለጋሾቹን ዝርዝር ሲጽፍ ከባንኩና ከባለሀብቱ በላይ ገበሬውን ያስቀድም።