የዳነው ሰውየው ነው ወይስ ክፍሉ?

ሰው ታሞ ሲተኛ «አልጋ ያዘ» እንላለን። በአእምሮ ሆስፒታል ዓመታት የቆየውን ሰው ካየን ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስለኛል፤ አልጋው ነው ሰውየውን የያዘው። ብላ ሲሉት እየበላ፣ ተኛ ሲሉት እየተኛ የኖረ ሰው በሕመሙ ላይ ሌላ ሕመም ይደረብበታል። ራስል ባርተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው መጽሐፍ ለዚህ ለሁለተኛው ሕመም ራሱን የቻለ ስም ሰጥቶ «የተቋም ኒውሮሲስ» ብሎታል። ግዴለሽነቱም ሆነ አንገት መድፋቱ ከበሽታው ብቻ ሳይሆን ከቦታውም የመጣ ነው ማለቱ ነው።

ታዲያ ቦታው ቢለወጥ ሰውየው ይለወጣል ወይ?

የጣሊያናዊውን ሐኪም የፍራንኮ ባዛሊያን ሥራ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1961 በጠረፍ ከተማዋ በጎሪዚያ የሚገኘውን የአእምሮ ሆስፒታል ሲረከብ በሽተኞች ይታሰሩ ነበር። ማሰሪያውን አስቀረ፤ በሮቹን ቀስ በቀስ አስከፈተ፤ ሐኪሙም አስታማሚውም በሽተኛውም በአንድነት ተቀምጠው የሚነጋገሩበት የዕለት ስብሰባ እንዲጀመር አደረገ። ሕንጻው ያው ነው። የተለወጠው ማን ይናገራል፣ ማንስ ያዳምጣል የሚለው ነው። በንግግር እናክማለን የሚል ሆስፒታል በሽተኛውን በሳምንት አንድ ሰዓት ካናገረው በኋላ በቀረው ጊዜ ሁሉ «ዝም በል!» የሚለው ከሆነ፣ ምኑን አከመው?

ባዛሊያ እ.ኤ.አ. በ1971 ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ወደተኙበት ወደ ትሪየስቴ ሆስፒታል ተዛወረ። በ1973 በሽተኞችና ሠዓሊዎች አብረው አንድ ትልቅ ሰማያዊ ፈረስ ሠሩ፤ በበሩ አላልፍ ቢል በሩን ሰብረው ከተማ ለከተማ አዞሩት። ብዙ ሰው የሚያነሣው ይህን ፈረስ ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። መሄጃ የሌላቸው ሰዎች ከሕክምና ሲሰናበቱ እዚያው ግቢ ውስጥ «እንግዳ» ተብለው እንዲኖሩ ተደረገ። በእኛ ቋንቋ እንግዳ ማለት ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ «ምን ላቅርብልህ?» ይባላል፣ ልሂድ ሲልም በር አይዘጋበትም። አንድ እርምጃ ሳይራመድ ቦታው ተለወጠለት ማለት ነው።

እንዲህ ሲባል ግን ነገሩ ሁሉ ሰላም ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 ከጎሪዚያ ለአንድ ቀን በፈቃድ የወጣ በሽተኛ ሚስቱን ገደለ። ባዛሊያ ተከሰሰ፤ በኋላም በነፃ ተለቀቀ። የፍርድ ቤቱ ጉዳይ በዚህ ያልቃል፤ የኅሊናው ግን አያልቅም። በሽተኛውን ካልጠየቅነው እንደ ዕቃ አዛወርነው እንላለን፤ ደግ ነው። የሚቀበሉትን የቤቱን ሰዎችስ ማን ይጠይቃቸዋል? ቤት ደግሞ ሁልጊዜ የሚያድን ቦታ አይደለም፤ ሕመሙ የጀመረው እዚያው ሊሆን ይችላል። በክፍሉ ውስጥ ሳቂታ የነበረው ሰው ደጃፉ ሲደርስ ቢጨልምበት «መዳኑ ውሸት ነበር» ማለት አይገባም ባይ ነኝ። መዳኑ እውነት ነበር፤ ነገር ግን አብረውት ከነበሩት ሰዎች ጋር የጋራ ስለነበረ ብቻውን ይዞት ሊወጣ አልቻለም።

እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የጣሊያን 180ኛ ሕግ የአእምሮ ሆስፒታሎች ቀስ በቀስ እንዲዘጉ አዘዘ። ምትኩ ቶሎ ባልተሠራበት አካባቢ ሸክሙ በቤተሰብ ላይ ወደቀ። በትሪየስቴ ግን ጥቂት ጥቂት አልጋ ያላቸው፣ ሌሊትም የማይዘጉ ጣቢያዎች በየሰፈሩ ተከፈቱ፤ የጨነቀው ሰው በእግሩ ገብቶ አድሮ፣ ሲሻለው ወደ ቤቱ እንዲመለስ።