በሰው እጅ የተጻፈ ፍቅር



የፍቅር ልብ ወለድ ያነበበ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ታሪክ አለ። ወጣቱ ልጅቱን ይወዳል፤ ቃል ግን ያጥረዋል። ብዕሩ የሰላ ጓደኛው ደብዳቤውን ይጽፍለታል። ልጅቱም በደብዳቤው ትማረክና የምትወደው አንዱን፣ የምታገባው ሌላውን ይሆናል። ደራሲው በመጨረሻው ምዕራፍ ምስጢሩን ይገልጠዋል፤ አንባቢም እንባውን ጠርጎ መጽሐፉን ይዘጋል። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ታሪክ በሰላም ማንበብ ካቆምኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ደብዳቤ ጸሐፊው ጓደኛ እኔ ነበርኩና።

ነገሩ የሆነው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ ቦታውም ዛሬ ጉለሌ ክፍለ ከተማ በምንለው ውስጥ፣ ከአዲሱ ገበያ ብዙም የማይርቅ ሰፈር። ጓደኛዬ ከገጠር መጥቶ በአጎቱ ሱቅ የሚሠራ፣ ሰላቱን የማያሳልፍ፣ ታማኝ ልጅ ነበር። ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ቀስ እያለ ያነባል፣ ስሙንም ይጽፋል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ጻፍ ሲባል ግን ያልበዋል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ፈላጊ ነበርኩ። ልጅቱ በሩፋኤል በኩል ከወላጆቿ ጋር የምትኖር የማታ ተማሪ ናት። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሐሳቧን ማወቅ ፈለገና ደብዳቤ እንድጽፍለት ለመነኝ። (አንዳንድ ወንድሞች «ለመሆኑ ደብዳቤው ራሱ ተገቢ ነበር ወይ?» ትሉ ይሆናል። እሱ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።)

ለሰው ደብዳቤ መጻፍ በሰፈራችን አዲስ ነገር አልነበረም። እናቶች ወታደር ቤት ላለ ልጃቸው፣ ዐረብ አገር ለሄደች እህታቸው እየተናገሩ ያስጽፉኝ ነበር። ቃሉ የእነሱ፣ እጁ የእኔ። ከግርጌ ሁልጊዜ አንዲት መስመር ትገባለች፦ ጸሐፊው እገሌም ሰላም ብሎሃል። ያቺ መስመር ለጨዋነት ያህል ብቻ የምትጻፍ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ትልቅ ቁም ነገር ነበራት። ተቀባዩ የማንን ቃል በማን እጅ እንደሚያነብ ያውቃል፤ የተታለለ ሰው የለም። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ደብዳቤ የሚያስጽፉት በጸሐፊዎቻቸው ነበር፤ የብር ቀለበታቸው ማኅተም የቃሉን ባለቤት ይናገራል። ከጸሐፊዎቻቸው አንዱ የነበሩት ኡበይ ኢብን ከዕብ (ረ.ዐ) ደግሞ በደብዳቤ ግርጌ የጸሐፊውን ስም ማስፈር የጀመሩ የመጀመሪያው ሰው መሆናቸው ተዘግቧል።

ጓደኛዬ ያቺን መስመር ነው ያስወጣት። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጨርሼ እንደ ልማዴ ሰላምታዬን ስጨምር «አንተ ደግሞ ምን ቤት ነህ? አውጣት!» አለኝ። ስቄ በሌላ ወረቀት ገለበጥኩት። ጥፋታችን የጀመረው እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በኋላማ ምን እንደምጽፍ እንኳ አይነግረኝም፤ «አንተ ታውቅበታለህ» ብቻ ነው። ሰባት ደብዳቤ ጻፍኩ። የእንጦጦ ጉም፣ የባሕር ዛፉ ሽታ፣ የሌሊቱ እንቅልፍ ማጣት ሁሉ የእኔ ነበር፤ የእሱ ስሙ ብቻ። አንድ ጊዜ እናቷ መታመማቸውን ጽፋ ብታማክረው፣ እሱ ለደንበኛ ዘይት ሲቀዳ እኔ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ አጽናናኋት። በመልሷ እሱን ስታመሰግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቅናት ቢጤ ነካክቶኛል።

ፈረንሳዊው ኤድሞን ሮስታን በ1897 እ.ኤ.አ. ለመድረክ ያበቃው «ሲራኖ ደ ቤርዠራክ» የተሰኘ ዝነኛ ተውኔት ይህንኑ ይተርካል። አፍንጫው ትልቅ የሆነው ሲራኖ ለመልከ መልካሙ ክሪስቲያን ደብዳቤ ይጽፍለታል፤ ሮክሳን በደብዳቤዎቹ ትሸነፋለች፤ ክሪስቲያን በጦር ሜዳ ይሞታል፤ ሲራኖም እውነቱን 15 ዓመት ደብቆ ይኖራል። ተመልካች ለሲራኖ ያለቅሳል፤ መሥዋዕትነቱንም ያደንቃል። እኔ በበኩሌ የማዝነው ለሮክሳን ነው። ሟቹ ያልጻፈውን ደብዳቤ በደረቷ ይዛ 15 ዓመት በገዳም ሐዘን ተቀመጠች። ሁለት ወንዶች ተማክረው በአንዲት ሴት ልብ ሲወስኑ፣ እሷን ማን ጠየቃት?

ማንነትን መሰወር ሁሉ አንድ ነው ማለቴ አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት፣ «ልብ ወለድ» የሚለውን ስም ባወረሰን ታሪካቸው፣ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ትጓዛለች። ከንጉሡ ቤተሰብ የሆነች ልጅም ወንድ መስላት ትወዳታለች። ጦቢያ ግን የለበሰችው በክፉ ዘመን መንገድ ራሷን ለመጠበቅ እንጂ የሰው ልብ ለመግዛት አይደለም። እኛን ምን አስፈርቶን ነበር? «እምቢ» መባል ብቻ!

«ሽማግሌስ ሙሽራውን አሞካሽቶ አይደለም ወይ የሚለምነው?» የሚል አይጠፋም። ያሞካሻል፤ ነገር ግን የልጅቱ አባት ሽማግሌ እንደሚያሞካሽ ያውቃሉ፤ አውቀው ከውዳሴው ላይ ይቀንሳሉ። ልጅቱ ከእኔ ደብዳቤ ላይ በምን አውቃ ትቀንስ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢከቱ ከሥር እርጥብ ሆኖ አገኙት። ነጋዴው ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ነበር የጠየቁት። እህሉ በመርጠሱ አልወቀሱትም። የጓደኛዬ አለመጻፍም ነውር አልነበረም፤ ከላይ ብናደርገው ኖሮ ምናልባት እንዲሁ ትወደው ነበር።

ሽማግሌ ተላከ፣ ኒካሕ ታሰረ፣ ተጋቡ። ባልየው ደግ ሰው ነው፤ ዝምተኛ ነው እንጂ። ከስድስት ዓመት በኋላ ቤታቸው ሄጄ ቡና እያፈላች «ወንድሜ፣ ጓደኛው ነህና እስቲ ንገረኝ» አለችኝ። «ድሮ ስንት ነገር ይጽፍልኝ ነበር፤ አሁን ቃል አይወጣውም። ምን አጥፍቼ ይሆን?» እኛ ያጠፋነውን እሷ በራሷ ላይ ስትፈልግ ኖራለች። ቡናዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ዛሬ የወጣቱ ችግር ቀሏል። በስልኩ ላይ ያለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የፍቅሩን ቃል በደቂቃ ይደረድርለታል። ጠበል ቢጤ ቅናት እንኳ የማይነካው ጸሐፊ ተገኝቷል። ልጅቱ ግን ያው ናት፤ ስልኳን ደረቷ ላይ አስደግፋ የምታስበው ስለ ልጁ ነው።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ለጓደኛዬ አነበብኩለት። አልተቆጣም። «ቆየኝ፣ እኔው ራሴ እነግራታለሁ» አለኝ። ቆየሁት፤ ይኸው ሦስት ወር ሆነ። ሰባቱ ደብዳቤዎች ዛሬም ሳጥኗ ውስጥ ናቸው። ባለፈው ሰሞን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን የእድር ጸሐፊው ስለቀረ መዝገቡን ለእኔ አቀበሉኝ። እሷ አጠገቤ ነበረች። ብዕሩን ለጎረቤቴ አሳልፌ «መነጽሬን ረስቻለሁ» አልኩ። መነጽሩ የደረት ኪሴ ውስጥ ነበር።