የምታሳስት ኳስና የደጎሎ በሬ ገበያ

ማታለል ሁሉ ኃጢአት ነው? ይህን ጥያቄ የጫሩብኝ የኔታም ሼህም አይደሉም፤ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያስተማሩን ህንዳዊ መምህር ናቸው። ክሪኬት ከተነሳ ሒሳቡ ይቀር ነበር። አንድ ቀን የቴኒስ ኳስ ይዘው ገቡና ሁለት አወራወር አሳዩን። በመጀመሪያው ኳሷ መሬት ነክታ ከቀኛቸው ወደ ግራቸው ታጠፈች። በሁለተኛው ክንዱም እርምጃውም ያው፤ የእጃቸው ጀርባ ብቻ ወደ እኛ ዞረ። ኳሷ ግን ከግራ ወደ ቀኝ! «ጉግሊ» ይሏታል። እንግሊዛዊው በርናርድ ቦሳንኬት በ1900 እ.ኤ.አ. ግድም ሜዳ ላይ ያወጣት፣ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ በቴኒስ ኳስ ሲጫወት አግኝቷት ነው።

ሥራዋ በሙሉ ማሳሳት ነው፤ ማንም ግን አይወቅሳትም። በ1993 እ.ኤ.አ. ማንቸስተር ላይ አውስትራሊያዊው ሼን ዋርን ዱላ ይዞ ለቆመው ማይክ ጋቲንግ የወረወራት ኳስ፣ ጉግሊ ባትሆንም፣ ከእግሩ ወዲያ አርፋ ዱላውን አልፋ እሱ የሚጠብቀውን እንጨት በሌላው በኩል መታች። እስካሁን ይወራላታል። በ2018 እ.ኤ.አ. ኬፕታውን ላይ ግን የአውስትራሊያ ተጫዋች ኳሷን በብርጭቆ ወረቀት ሊፍቅ ሲል ካሜራ ያዘው፤ እሱ 9 ወር፣ አምበሉና ምክትሉ 12 ወር ታገዱ።

ጋቲንግ ኳስ ሊታጠፍበት እንደሚችል አውቆ ነው የቆመው። ተፍቃ እንድትመጣ ግን የተስማማ የለም።

የእኛም ገበያ እንዲሁ ነው፦ ደጎሎ የከብት ገበያ ላይ ገዢው በሬውን እየወደደው ጥርሱን ያይና «አርጅቷል» ብሎ ጥሎ ይሄዳል። ሻጩም ማታ መልሶ መንዳቱ እያስጨነቀው «አልሸጥም» ይላል። በገና ጨዋታ ወደ ቀኝ ሊለጋ መስሎ ወደ ግራ እንደሚለጋው ነው፤ ለዚህ ንስሐ የገባ ሰው አላውቅም። ቃል ከወጣ ውሸት ነው የሚሉኝ ይኖራሉ። ጥርሱ እኮ ለሁለቱም ይታያል! እርሻ መሀል የሚተኛ በሬ ሲሸጥ ግን ይህን ዐመሉን ጥርሱ አይናገርም። ነቢዩ መሐመድም ገበያ ላይ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሰደው ከሥር እርጥቡን ሲያገኙ ሻጩን የገሠጹት፣ ለገዢው የማይታየውን ስለደበቀ ይመስለኛል።

የሚያስቸግረኝ አንድ ነው፦ ደሴ ላይ የምስር ዋጋ መውደቁን በስልክ ሰምቶ፣ ላልሰማ ነጋዴ በትናንቱ ዋጋ የሚሸጥ ገበሬ። ዝም አለ እንጂ አልዋሸም። እኔ እፈቅድለታለሁ፤ ነጋዴውም ስልክ አለው።