ሥልጣንን ስለ ማካፈል

ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ብቻ መቀመጥ ይገባዋልን? ወይስ ለብዙዎች በየሥራቸው መጠን ሊካፈል ይገባል? ይህ አሮጌ ጥያቄ ዛሬ በኮምፒዩተር ውስጥ ሳይቀር ይነሣል። ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት የሚሠራ ኮምፒዩተር «ሩት» የሚባል የበላይ ተጠቃሚ አለው። ሩት የማንኛውንም ሰው ፋይል ሊያነብ፥ ሊለውጥና ሊደመስስ ይችላል፤ የሚከለክለውም የለም ማለት ይቻላል።

ሥራ ሲበዛ አንድ አዛዥ አይበቃም። ስለዚህ የሩትን የይለፍ ቃል ለሁለት ለሦስት ሰው መንገር የተለመደ ነበረ። ነገር ግን አንድ ማኅተም በሦስት ሰው እጅ የሚዘዋወር እንደ ሆነ፥ ጥፋት በደረሰ ጊዜ ያተመው ማን እንደ ሆነ ማኅተሙ አይናገርም። በ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ ቦብ ኮገሻልና ክሊፍ ስፔንሰር በአሜሪካ አገር፥ በቡፋሎ በሚገኘው የኒውዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ «ሱዱ» የተባለውን ፕሮግራም ሠሩ። በሱዱ ተራው ተጠቃሚ የሚሰጠው የሩትን ሳይሆን የራሱን የይለፍ ቃል ነው፤ ማን፥ መቼ፥ ምን እንዳዘዘም በመዝገብ ይጻፋል።

ይህ መልካም ነው። ዳሩ ግን የሰጪው ኀላፊነት በዚህ አያበቃም። አንድ ሹም፥ «ይህ ሠራተኛ አንድ ፋይል ብቻ ያርም» ብሎ ቪአይ የተባለውን የጽሑፍ ማረሚያ በሩት ሥልጣን እንዲከፍት ፈቀደለት እንበል። ቪአይ ግን ከውስጡ ሌላ ትእዛዝ ለማስነሣት የሚያስችል በር አለው። ሠራተኛው በዚያ በር ቢወጣ የኮምፒዩተሩ ጌታ ሆነ ማለት ነው። መዝገቡም በተለመደው አሠራር ቪአይ መከፈቱን ብቻ እንጂ ከዚያ በኋላ የተደረገውን አያውቅም። ሹሙ ቁራሽ የሰጠ መስሎት ሌማቱን ሁሉ ሰጥቷል።

ከዚህም የባሰ አለ፤ ይኸውም «ከዚህ ትእዛዝ በቀር ሁሉ ይፈቀድለታል» ብሎ መጻፍ ነው። ተጠቃሚው የተከለከለውን ፕሮግራም በሌላ ስም ቀድቶ ያስነሣዋልና፥ ክልከላው ስምን እንጂ ሥራን አልያዘም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል በሚባልበት አገር ላደግን ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ የሚፈቀደውን አንድ በአንድ መቁጠር፥ የተቆጠረውም ምን ሊያደርስ እንደሚችል አስቀድሞ መመርመር የሰጪው ግዴታ ነው።

«ይህን ያህል መጠንቀቅ ሠራተኛውን አለማመን አይሆንምን?» የሚል ይኖራል። እኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም። ያለ ልክ የታመነ ሰው ጥፋት በተገኘ ቀን ያለ ማስረጃ የሚጠረጠር ሰው ነው፤ ንጹሕ መሆኑን የሚመሰክርለት አያገኝም። ፈቃዱ የተለካለት ሠራተኛ ግን ወሰኑ ራሱ ይመሰክርለታል። ፋይል ለማረም ለሚያስፈልገው ሰው «ሱዱኤዲት» የተባለ ሌላ መንገድ አለ፤ በዚህ መንገድ ሠራተኛው የፋይሉን ቅጂ ተቀብሎ በገዛ ሥልጣኑ ያርማል፥ የታረመውንም ፕሮግራሙ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ሠራተኛው የሚፈልገውን አገኘ፥ የሩት ሥልጣን ግን ከእጁ አልገባም።